የአሜሪካ በዓልና የእኛ መስቀል

በመኝታ ቤታችን በአሜሪካ ላይ መፍረድ እንደ ማታ ራት የተለመደ ነው። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ስለ ምስጋና ቀናቸው አንሥቶ፥ «የሰው አገር ነጥቀው፥ በነጠቁት መሬት ላይ ተቀምጠው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ» ቢል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን የቸሃ መስቀል ትዝ አለኝና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ወዳጄ ሐሰት አልተናገረም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1776 «ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ» ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን ባሪያ አሳዳሪ ነበረ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 ስለ ነጻነት በዓል እንዲናገር ቢጋበዝ፥ «ይህ በዓል ለባሪያው ምኑ ነው?» ብሎ ጋባዦቹን በፊታቸው ጠየቃቸው። በ1970 ደግሞ ዋምሱታ ፍራንክ ጄምስ የተባለ የዋምፓኖአግ ነገድ ሰው፥ ነጮቹ በፕሊመዝ የሰፈሩበት 350ኛ ዓመት ሲከበር ንግግር እንዲያደርግ ተጠርቶ፥ ጽሑፉ የደረሰባቸውን በደል የሚገልጽ ሆኖ ስለ ተገኘ ተከለከለ። እርሱም ወገኖቹን ይዞ በዚያው በምስጋና ቀን፥ በዚያው በፕሊመዝ፥ የሐዘን ቀን አቆመ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። በ1865 የነጻነት ዐዋጅ በቴክሳስ የተሰማበትን ቀንም ጥቁሮቹ በየሰፈራቸው ሲያከብሩት ኖረው፥ መንግሥት የአገር በዓል ያደረገው በ2021 ነው።

እንግዲህ እኔን የሚያስቀናኝ በዓላቸው አይደለም፤ ገበታውን የሚያውክ ሰው አለመጥፋቱ ነው።

የእኛን ገበታ ማን አወከው? ለመስቀል ሴቶቻችን ቅቤውን፥ ወንዶቹ የበሬውን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። ከአዲስ አበባም ከሌላም አገር ያለው ሁሉ ይገባል። መስከረም 15 ቀን በሬው ታርዶ ዘመድ አዝማድ በትልቁ ቤት በምሰሶው ዙሪያ ይቀመጣል። ያን ምሰሶ ጠርቦ ያቆመው ማን ነው? «ፉጋ» እያልን የምንጠራው፥ እርሱ ራሱ ግን ሲሰማው የሚያመው ወገናችን ነው። አባቶቻችን ቤቱን አሠርተውት ሲያበቁ፥ እርሱ የረገጠው ማሳ አያፈራም ብለው ከመሬት፥ የነካው ላም ወተቷ ይነጥፋል ብለው ከከብት አራቁት። ከልጁ ጋር መጋባት ነውር ሆነ።

ይህን ከጻፉት አንዱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቸሃ መጥቶ የኖረው ዊልያም ሻክ ነው። ሻክ ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። በአገሩ ጥቁር ከነጭ ጋር በአንድ ምግብ ቤት እንዳይቀመጥ የሚከለክል ሕግ በደቡቡ ገና ይሠራበት ነበር። እኛ ዘንድ መጥቶ ምን አየ?

እኔ ያየሁትን ልናገር። በልጅነቴ አንድ መስቀል የቤታችንን ምሰሶ ያቆሙት ሽማግሌ መጡ። ክትፎው በኮባ ቅጠል ቀረበላቸው፤ እኛም የበላነው በኮባ ነው፤ ቅቤውም አልጎደለባቸውም። እርሳቸው ግን ከደጅ ነበሩ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ማንም «ይግቡ» አላላቸውም፤ እርሳቸውም አልጠበቁም።

«ይህ የጥንት ነገር ነው፥ ሕገ መንግሥቱ ሁሉን እኩል አድርጓል» የሚለኝ አይጠፋም። የጄፈርሰንም ወረቀት እኩል ይላል። አንተ ወንድሜ፥ እኅትህን ለልጃቸው ትድራለህን? ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ እስከ እኩለ ሌሊት የምትከራከር አንተን ነው የምጠይቅህ።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እኛ የቸሃ ተማሪዎች በዘንድሮው መስቀል፥ ከደጅ የሚቀመጥ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እኛም ከደጅ እንቀመጥ። አባቶቻችን ይቈጣሉ። የእኔ አባት «ትምህርት ቤት የላክሁህ ለዚህ ነውን?» እንደሚለኝ ዐውቃለሁ፤ «አዎን» ለማለት ድፍረቱ ይኖረኝ እንደ ሆነ ግን አላውቅም። መስከረም 13 ቀን ጧት ከወልቂጤ ወደ እምድብር እሳፈራለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ይንገረኝ።