ውል ያለው ቤት፣ ውል የሌላት ሙሽራ

የጣሊያኑ ፑቺኒ እ.ኤ.አ. በ1904 ሚላን ላይ ለመድረክ ያበቃው ኦፔራ «ማዳማ ባተርፍላይ» የጃፓኗ ናጋሳኪ ታሪክ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሳየው ጅቡቲ ከተማ ትታየኛለች። በኦፔራው አንድ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን ቤት ለ999 ዓመት ይከራያል፣ በፈለገው ወር ግን ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የ15 ዓመቷን ጃፓናዊት ልጅም ያገባት በዚሁ ስሌት ነው። ገና በሠርጉ ዕለት፣ ወደፊት «እውነተኛ» አሜሪካዊት ለሚያገባበት ቀን ጽዋ ያነሣል! ትቷት ሲሄድ እሷ ሦስት ዓመት ጠበቀችው፤ መርከቡ ወደብ የገባ ዕለት በወረቀቱ መዝጊያ ላይ ቀዳዳ አበጅታ ቆማ አደረች። እሱ ግን ከአሜሪካዊት ሚስቱ ጋር፣ ጃፓናዊቷ የወለደችለትን ልጅ ሊወስድ ነበር የመጣው። ዛሬ ጅቡቲ ላይ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጣሊያን፣ ቻይና፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ ራሷ ጃፓን የጦር ሰፈር አላቸው። የሰፈሮቹ ጉዳይ በመንግሥታት ፊርማ የታሰረ ነው። በከተማዋ መጠጥ ቤቶች ሠርታ የምታድር እህታችን ከአንዱ ወታደር ጋር ጎጆ ብትቀልስ ግን ማን ይፈርምላታል? ግዳጁ ሲያበቃ እሱ ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች። ጅቡቲ እህት ወይም ልጅ ያላችሁ፣ ስትደውሉ ስለምትልከው ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ፤ ጋብቻዋ የት እንደተመዘገበም ጠይቁ።