ብስክሌቱ ሲናገር

ልጄ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። «አባዬ፣ ከስር የሆነ ነገር ሲጥ ሲጥ ይላል።» እኔም ሁለቴ መለስኩላት፦ «ፔዳሉ ነው፤ ስንደርስ ዘይት እናደርግለታለን።»

ከአዳማ ከተነሳን ሁለተኛ ቀናችን ነበር። አቦምሳ ያሉትን እናቴን በብስክሌት ሄደን እንጠይቃቸው ያለችው እሷ ናት። መንገዱን የማውቀው፣ ብስክሌቶቹን ያዘጋጀሁት ግን እኔ ነኝ። ለእማማ የገዛነውን ቡናና ስኳር የጫንኩትም በእሷ ብስክሌት ላይ ነው።

ከተማው ሊታየን ሲል፣ ቁልቁለቱን ጨርሳ ዳገቱን ስትጀምር «ቋ!» አለ። ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ከፔዳሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰንጥቋል። ልጄ እግሯን መሬት አስደግፋ ቆመች። ምንም አልሆነችም። ስብራቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ቢደርስስ ኖሮ? እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይርዳል።

ዕቃውን ወደ እኔ አዛወርን፤ ብስክሌቶቹን እየገፋን አቦምሳ ገባን። በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ በያጅ ስንጥቁን ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩን። ግማሹ ያብረቀርቃል፤ ግማሹ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። «የሚያብረቀርቀው የዛሬ ነው፤ የዛገው ግን ቆይቷል» አሉን። ልጄ ወደ እኔ ዞር አለች። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ባትናገርም ገባኝ።

ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሰበርም። ጭነቱና የመንገዱ ንዝረት በየቀኑ ያደክሙታል፤ ስንጥቁ በብዛት የሚጀምረውም ቱቦዎች በሚገናኙበትና በተበየዱበት ቦታ ነው። ቀለም በቀጭን መስመር ሲሰነጠቅ፣ ከመስመሩ ዝገት ሲወጣ፣ የኋላው ጎማ ወደ ጎን ሲዋዥቅ፣ ወይም ዘይት የማያጠፋው ድምፅ ሲሰማ ውረዱ። በጨርቅ ጠርጋችሁ በጣታችሁ ዳስሱ።

በያጁ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት፤ ያዘ፤ ብረት ነው። ብረት በየትም ከተማ ይበየዳል። አሉሚኒየም ግን የራሱ መሣሪያና ሙያ ይፈልጋል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍልም በሙቀቱ ይደክማል። ካርቦን ከሆነ ጭራሽ በብየዳ የሚነካ አይደለም። ኮርቻውን ከነዘንጉ አወጡ፤ ቀለሙን ፋቁ፤ በስንጥቁ ላይ ለሁለት የተከፈለ ቧንቧ አልብሰው፣ ብረቱ ከመጠን በላይ እንዳይግል ጥቂት በጥቂት እያረፉ በየዱት። «ይህ ለቤት መድረሻ ነው» አሉ፤ «ጭነት አታብዙበት፤ ቁልቁለትም አታስሩጡት።»

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1913 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የዩጂን ክሪስቶፍ የፊት ሹካ ቱርማሌ ተራራ ላይ ተሰበረበት። ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ወረደ። ደንቡ እርዳታ ስለሚከለክል በአንጥረኛው ቤት ራሱ ቀጥቅጦ ጠገነው። ወናፉን አንድ ልጅ ስለነፋለት ግን ቅጣት ተጣለበት።

እኛን የሚቀጣ ዳኛ አልነበረም። እናቴ ግን ወጋችንን ሰምተው ሲያበቁ ልጅቷን ሳይሆን እኔን ተመለከቱ፦ «ልጅ ሲነግርህ ስማ እንጂ!» የዚያኑ ዕለት ማታ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስንመለስ ብስክሌቶቹን መኪና ላይ ጫንን፤ አዳማ እንደደረስን ፍሬሙን ቀየርነው።

አሁን ከጉዞ በፊት ብስክሌቶቹን የምትፈትሸው እሷ ናት። «ቆይ አባዬ» ካለች እቆማለሁ። እናንተም ከመንገድ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡት፤ «ድምፅ አለ» የሚል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ቆማችሁ ስሙት።