መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ያስሉ

የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ካልኩለስ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼን በጣም የሚያስጨንቃቸው አንዱ መጠን ሲለወጥ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚጠይቀው ክፍል ነው። ይህን ለማስረዳት የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስን የሚያህል ምሳሌ የለም። የምንፈትንበት መንገድ ግን ከምሳሌው ሊገኝ የሚገባውን እውቀት እያስቀረብን ነው።

የ30 እና የ60 ኦም ሬዚስተሮች በፓራሌል ተያይዘዋል እንበል። የ30ው እየሞቀ በሴኮንድ 0.9 ኦም ይጨምራል፤ የ60ው እንዳለ ነው። የጠቅላላው ሬዚስታንስ በምን ፍጥነት ይለወጣል?

ብዙ ተማሪ ቁጥሮቹን ወዲያው ቀመሩ ውስጥ ይከትና ጠቅላላው 20 ኦም መሆኑን ያገኛል። እስከዚህ ልክ ነው። 20ን ዲፈረንሺዬት ሲያደርገው ግን ዜሮ ይወጣል፤ ቋሚ ቁጥር አይለወጥምና። ግንኙነቱ መጀመሪያ በፊደል ይጻፍ፣ በጊዜ ዲፈረንሺዬት ይደረግ፣ ቁጥር መጨረሻ ላይ ይግባ። ያኔ የ20 ስኩዌር ለ30 ስኩዌር ተካፍሎ በ0.9 ይባዛል፤ መልሱ በሴኮንድ 0.4 ኦም ነው።

በብዙ ክፍሎች ትምህርቱ እዚህ ያበቃል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ያው 0.9 ጭማሪ በ60ው ላይ ቢሆን ጠቅላላው የሚጨምረው 0.1 ብቻ ነው። ለምን አራት እጥፍ አነሰ? በ30ው የሚያልፈው ከረንት በ60ው ከሚያልፈው እጥፍ ነው፤ ተጽዕኖው ደግሞ በስኩዌር ይሄዳል። የ30ው በ0.9 እየጨመረ የ60ው በሴኮንድ 3.6 ኦም ቢቀንስ ሁለቱ ለውጦች ይጣፋሉ፤ ጠቅላላው በዚያች ቅጽበት አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህ የገባት ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋባት ራሷ ታወጣዋለች። ከአራት አማራጮች የትክክለኛውን መልስ ፊደል መምረጥ ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ግን እሷን ከሸመደደው ተማሪ አይለያትም።

ስለዚህ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ይህን ነው። በክፍል ፈተና ከስሌቱ በፊት ለግምት ማርክ እንስጥ፦ ጠቅላላው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የለውጡ ፍጥነት ከ0.9 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? የበለጠ የሚወስነው የትኛው ሬዚስተር ነው? ላቦራቶሪ የለንም የሚል መምህር ከተበላሸ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያውን ይንቀል፤ እሱ ራሱ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው። ከአንድ ቋሚ ሬዚስተር ጋር በፓራሌል ያያይዘውና ጠቅላላውን በመልቲሜትር ያስለካ። የተለዋዋጩ ሬዚስታንስ እያደገ ሲሄድ ያው ጭማሪ ጠቅላላውን የሚነካው እያነሰ እንደሚሄድ ተማሪው በዓይኑ ያያል።

ጊዜ አይበቃም ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። አሥራ አምስት ጥያቄ በሩጫ ከመሥራት ሦስቱን እስከ ምክንያታቸው መሥራት ይሻላል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ነገ መስመር የሚዘረጉና ትራንስፎርመር የሚጠግኑ አሉ፤ ሥራቸው ላይ አራት አማራጭ አይቀርብላቸውም።