ሙቀትና የተኛው የወይን እምቡጥ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ላይ ያለው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የራሱ የወይን እርሻ በአዋሽ ሸለቆ፣ በመርቲ ጀጁ ይገኛል። ስለ ጉደርና ስለ አክሱማይት ጣዕም ብዙ ይባላል፤ ስለ እምቡጡ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የምርቱ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከገረዛ በኋላ በሐረጉ አንጓ ላይ የተኛው እምቡጥ መቼና እንዴት እንደሚነቃ ነው።

በአውሮፓ የወይን ተክል ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ይተኛል፤ በቂ ብርድ ካገኘ በኋላ አየሩ ሲሞቅ እምቡጦቹ በአንድነት ይፈነዳሉ። በመርቲ ጀጁም ሆነ የካስቴል እርሻ ባለበት በዝዋይ ይህ ብርድ የለም፤ የቀኑም ርዝመት እምብዛም አይለዋወጥ። በዚህ ምክንያት በሐረጉ ጫፍ ያሉት እምቡጦች ይቀድማሉ፣ ከታች ያሉት ይዘገያሉ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይነቁም። በአንድ ተክል ላይ የበሰለና ጥሬ ዘለላ ይቀላቀላል፤ መጭመቂያው ውስጥ ሲገባም ስኳሩና ኮምጣጣነቱ አይጣጣምም።

በሞቃት አገሮች የተለመደው መፍትሔ ሃይድሮጅን ሲያናማይድ ነው። ኬሚካሉ ካታሌዝ የተባለውን ኤንዛይም ያግዳል፤ በእምቡጡ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይከማቻል፣ አተነፋፈሱ ይታወካል፣ እንቅልፉም በዚህ ድንጋጤ ይሰበራል። መርዛማነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ከተፈቀዱት የእርሻ ኬሚካሎች ዝርዝር ውጭ አድርጎታል። ኬሚካሉ የነካው ሠራተኛ አልኮል ቢቀምስ ክፉኛ ይታመማል፤ ለወይን ጠጅ እርሻ ይህ ትልቅ ምጸት ነው።

አጭርና ብርቱ ሙቀትም ተመሳሳይ ድንጋጤ ያስከትላል። በእስራኤልና በጃፓን የተደረጉ ምርምሮች የተኛ እምቡጥ ለጥቂት ጊዜ በሙቀት ሲመታ እንደሚነቃ አሳይተዋል። ችሎታውም የሚያስገርም ነው፤ ችግኝ የሚያፈሉ ባለሙያዎች የተኙ ቁራጭ ሐረጎችን ከበሽታ ለማጽዳት በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ለ45 ደቂቃ ይዘፈዝፏቸዋል፣ እምቡጡም ይተርፋል። ፈንድቶ ቅጠል ካወጣ በኋላ ግን ያው እምቡጥ ይህን አይችልም። ለቀናት የሚዘልቅ ሙቀትም ሌላ ነገር ነው፤ እምቡጡን ያደርቃል፣ በውስጡ ለመጪው ምርት የተፀነሰውንም የአበባ ዘለላ ሊያሳንስ ይችላል። «ሙቀት ወይንን ይጎዳል» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው፤ የሙቀቱ መጠን፣ ቆይታውና የእንቅልፉ ጥልቀት ካልተለኩ ለገበሬው የሚጠቅም ምክር አይወጣውም።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከገረዛ በኋላ የሚጣለው ሐረግ፣ የውሃ ማሞቂያ ገንዳና ቴርሞሜትር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ይበቃሉ። የወይን እርሻ በሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይነከርም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ማንም እንዲነከር አልጠየቀም። የሚፈለገው የእምቡጡን የመቻል ወሰን ማወቅ ነው፤ ወሰኑ ከታወቀ የገረዛው ቀን ከሞቃቱ ወራት ጋር ተመዝኖ ሊወሰን፣ የኬሚካሉም መጠን ከሌላ አገር መመሪያ ከመገልበጥ ይልቅ በአገር ውስጥ ልኬት ሊቀነስ ይችላል።