ስለ ቀበሪቾ ሥር

ስለ አገራችን ተራራ ደን በተነገረ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሡት ጥድና ወይራ ናቸው። ይህም ተገቢ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በመናገሻ ተራራ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ጥድ ያለ አግባብ ቢቈረጥም ጉቶው ቆሞ ይመሰክራል። በየተረተሩ፥ በሣርና በቍጥቋጦ መካከል የሚበቅለው ቀበሪቾ ግን ሲጠፋ የሚመሰክርለት ጉቶ እንኳ የለውም።

ቀበሪቾ ቅጠሉ እሾሃም፥ አበባው እንደ ኳስ የተድበለበለ ተክል ነው። ግንዱ ቢደርቅም ወፍራም ሥሩ ከመሬት በታች ሆኖ ይቈያል፤ ዝናም ሲመጣ እንደገና ያቈጠቍጣል። የተፈጥሮ አገሩ ኢትዮጵያ ብቻ ስትሆን የዕፅዋት ሊቃውንትም በመዝገባቸው ሲያስገቡት የአገሩን ስም ሳይለውጡ ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ ብለውታል።

በአራስ ቤት፥ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ፥ እባብና ትንኝም ለማራቅ ሥሩ በፍም ላይ ይጤሳል። ይህን ልማድ ማቃለል አይገባም፤ (የሐኪምን ሥራ ይተካል ማለት ግን አይደለም)።

ጉዳቱ ያለው ከአወሳሰዱ ላይ ነው። ጤና አዳም ቅርንጫፉ ቢቀጠፍ ተክሉ በጓሮ ይቀራል፤ ዳማ ከሴም እንዲሁ። የቀበሪቾ ግን ለገበያ የሚወጣው ሥሩ፥ ማለት ሕይወቱ ራሱ ነው። ብዙ ዓመት ፈጅቶ የወፈረው ሥር በጥቂት ቀን ጢስ ሆኖ ያልቃል፤ ቈፋሪው ዘሩ ሳይበስል የደረሰበት እንደሆነ ደግሞ በስፍራው የሚተካው አይኖርም። ቈፋሪውን ችግር ከቤቱ ያስወጣዋልና እርሱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ገዢውም ጢሱን እንጂ ጕድጓዱን አያይም።

አዋጅ ቍጥር 482/1998 የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድን ሲከለክል የአካባቢው ሕዝብ በልማዱ የሚጠቀምበትን ግን ነጻ ትቶታል። መልካም አድርጓል፤ በባላገሩ ላይ በየተረተሩ ዘበኛ ማቆም አይቻልምና።

እንግዲህ የቀረው ሥራ የችግኝ ሥራ ነው። ለጥድና ለባሕር ዛፍ ከሚዘጋጀው መደብ ጥቂቱ ለቀበሪቾ ቢለቀቅ፥ የግብርና ሠራተኞችም ዘሩን በበሰለ ጊዜ መልቀምን ቢያስተምሩ፥ በገበያ የምትሸጠው ሴት ገቢዋ ሳይቋረጥ ሥሩን ከገዛ ጓሮዋ ታወጣለች። ከጤና አዳሙ አጠገብ ለአንድ እሾሃም ተክል የሚሆን ስፍራ አይታጣም።