በቅሎዋን ነው ወይስ ኮርቻዋን የምንገዛው?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወጋው ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ነው፤ ያውም ስለ ያገለገለ ስፖርት መኪና። «መምህር፣ በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔን ምንም አልነካኝም፤ የነካው የእህቴን ልጅ ነው። ከጻባ የተሰናበተ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ዓርብ ጧት ነው። ኪርያት ኖርዳው እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ልጁ 22 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመቱ። ስልኩን አምጥቶ ፊቴ ደቀነው። «ጋሼ፣ እያት!» አለኝ። ቀይ ሙስታንግ ናት። «ባለ 2.3 ቱርቦውን ልግዛ ወይስ ባለ 5.0 ስምንት ሲሊንደሩን?» እህቴ ሲኒዋን ይዛ ዝም ብላለች። ዝምታዋ የገባኝ በኋላ ነው፤ ለብድሩ ዋስ ሆና እንድትፈርም ጠይቋት ኖሯል። ሰው ቢሮ እያጸዳች ያሳደገችው ልጅ ነው። እንቢ ብትለው ይከፋዋል፣ እሺ ብትለው ደግሞ ደመወዟ አደጋ ላይ ነው።

እኔም ወዲያው «አይሆንም» ማለት ቃጥቶኝ ነበር። ግን ሃያ ስንት ዓመት ሳስተምር አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ወጣት «አይሆንም» ሲሉት ይገዛል፣ «ና አብረን እንየው» ሲሉት ያስባል። ስለዚህ አብረን አየነው። ያየነውን እነሆ።

መጀመሪያ ከገንዘቡ እንነሣ። የተሰናበተ ወታደር ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለው። አንደኛው ማዓናቅ የሚባለው ነው፤ በቀጥታ ባንክ ይገባል፣ እንደፈለገ ያደርገዋል። ሁለተኛው ፒቃዶን ነው። ይኼ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለሰርግ፣ ለቤት መግዣ፣ ለንግድ መጀመሪያ ወይም ለመንጃ ፈቃድ ነው እንጂ ከተሰናበተ 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ መኪና አይገዛበትም። ልጃችን ሁለቱን ደምሮ ነበር የሚያስበው። ፒቃዶኑን ስናወጣው የቀረው ባዶ ቦታ በሙሉ ብድር ሆነ። ያ ብድር ደግሞ የእህቴ ፊርማ ነው።

ሁለተኛ ቢቱዋሕ። ብዙ ሰው መኪናውን ከገዛ በኋላ ነው ቢቱዋሕ የሚጠይቀው። ተገላቢጦሽ ነው መሆን ያለበት። ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ ለድርጅቶቹ «ወጣት ነጂ» ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ሁለት ዓመት ያልሞላው ደግሞ «አዲስ ነጂ» ነው። ቢቱዋሕ ሖባ ግዴታ ነው፣ የሰው አካል ሲጎዳ የሚከፍለው እሱ ነው። ጻድ ጊሜል የሌላውን ሰው መኪና ይሸፍናል። ማኪፍ ግን ያንተንም መኪና፣ ስርቆቱንም ጭምር ይሸፍናል። ልጁ የሦስቱንም መኪኖች ቁጥር ይዞ ሦስት ቦታ ደወለ። የባለ ስምንት ሲሊንደሩን ማኪፍ ዋጋ ሲሰማ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለትንሽ ጊዜ መስኮት መስኮቱን አየ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ቁጥሩ ከእኔ ይልቅ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። «በእናቱ ስም እናድርገው፣ ዋና ነጂዋ እሷ ናት እንበል፣ ዋጋው ይቀንሳል» የሚል ምክር በየቤቱ አለ። ተጠንቀቁ! ማን እንደሚነዳ ለቢቱዋሕ እውነቱን ካልነገራችሁ፣ አደጋ በደረሰ ቀን ድርጅቱ ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ጭራሽ ሊከለክል ይችላል። ያን ጊዜ የተቀነሰው ጥቂት ሰቅል ብዙ ሺህ ይዞ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ወደ ሞተሩ እንምጣ። ሙስታንግ ማለት የዱር ፈረስ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልዋሹም። አራት ሲሊንደሩ 310 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፣ ስምንት ሲሊንደሩ ከ400 ይበልጣል። ልጁ ቁጥሮቹን እንደ መዝሙር ይወጣቸዋል። እኔ ግን ሌላ ቁጥር አሳየሁት። በአውሮፓ መኪናን እያጋጨ ደኅንነቱን የሚፈትነው ዩሮ ኤንካፕ በጥር 2017 ለዚህ መኪና ከ5 ኮከብ 2 ብቻ ነበር የሰጠው። በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ ግጭት ሲቃረብ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያና ሌሎች ማሻሻያዎች የተጨመሩበት ተፈትኖ 3 ኮከብ አገኘ። ልብ በሉ! ኮከቡ የጨመረው ፈረስ ስለተጨመረ አይደለም፣ ልጓም ስለተጨመረ እንጂ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ እንግዲህ «ስንት ፈረስ?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ዓመት፣ ከየትኛው መሣሪያ ጋር?» በሉ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች አንድ መኪና አይደሉም።

ልጁ በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ማርሚታው ድምፅ አንሥቼ፣ «በዚህ ጩኸት ፖሊስ በየመንገዱ ያስቆምሃል» ብዬው ነበር። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «እነሱ እንዳያስቆሙኝ ብዬ ነው የምወደውን መኪና የምተወው?» በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት እኛ ላይ ያለውን ዘረኝነት፣ በፖሊስ በኩል ያለውንም ጭምር፣ በመንግሥት ወረቀት አስፍሮታል። ልጁ አዲስ ነገር አልተናገረም። ደንብ ልብስ ለብሶ ሦስት ዓመት ያገለገለ ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ያልኩት ይኼን ብቻ ነው፦ «ለእነሱ ብለህ አትተወው። ግን ሪሽዮንህ፣ ቴስትህ፣ ቢቱዋሕህ የተሟላ ይሁን፤ ማርሚታህም ከፋብሪካ የወጣው ይሁን። ሲያስቆሙህ የሚያገኙት ምክንያት አይኑር።» ይኼ ፍትሕ ነው አላልኩትም።

ከዚያ ወዲያ ሙስታንጓን ራሱ ተዋት፤ ጎልፍ ጂ ቲ አይ ይሻላል አለ። ይኼኛውን ወደድኩለት፤ አራት በር አለው፣ ኋላ ሰው ይቀመጥበታል፣ እናቱንም ሱፐር ይወስዳታል። ሁለት አገኘ፤ ሁለቱም ሰባተኛው ትውልድ፣ የ2015 ሥሪት፣ ሞተራቸው ባለ 2.0 ቱርቦ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ። አንደኛው ፔርፎርማንስ የሚባለው ነው፤ 230 ፈረስ፣ ትልቅ ቸርኬ፣ የመስታወት ጣሪያ፣ የሚያምር ወንበር። ሁለተኛው ተራው ነው፤ 220 ፈረስ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጌጡ ትንሽ። ልጁ ወዴት እንዳዘነበለ መናገር አያስፈልገኝም።

አሮጌው የኢንዱስትሪ ሠፈር የሚሠራ አንድ የእኛው ልጅ መካኒክ አለ። እሱን ጠየቅነው። «10 ፈረስ እግርህ አይሰማውም» አለ። «ፔርፎርማንሱ የሚሻለው በሌላ ነገር ነው፤ ፍሬኑ ትልቅ ነው፣ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ እንዳይሾሩ የሚይዝ ዲፈረንሲያል አለው። ሁለቱም ጤነኛ ከሆኑ እሱን ውሰድ። ጤነኛ መሆናቸውን ግን መጀመሪያ እንይ።»

ያየውን ላስተምራችሁ፤ ለማንኛውም መኪና ይሆናል።

መኪናውን ጧት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ድረሱ። ኮፈኑን በእጅ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ ለምን? ብላችሁ ጠይቁ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ነው ሕመሙን የሚናገረው። ከማርሚታ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው።

ጎማውን እዩ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተበላ ጎማ የተጣመመ ነገር እንዳለ ይነግራችኋል።

በዚህ ሞተር ላይ የቴርሞስታቱና የውሃ ፓምፑ ቤት ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ ማፍሰስ የታወቀ ሕመሙ ነው። መካኒኩ በባትሪ አበራበት። ካምቢዮው ደግሞ አውቶማቲክ፣ ባለ ስድስት ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ መቀየር አለበት። «ደረሰኙ የት አለ?» ማለት ነው እንግዲህ።

እኛ ናታንያ ባሕር ዳር ነን። ጨው የተሸከመው ነፋስ ብረት ይበላል። መኪናው ሲነሣ ከሥር ዝገቱን እዩ። በሐምሌ ደግሞ ኤርኮንዲሽን የሌለው ስፖርት መኪና ምድጃ ነው።

ውጤቱ? ፔርፎርማንሱ ደረሰኝ የለውም። የሞተሩ ኮምፒዩተር ተነክቶ ጉልበቱ ከፋብሪካው በላይ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ማርሚታውም ተቀይሯል። ያለ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ እንዲህ የተነካካ መኪና ቴስት ላይ ችግር አለው፣ ቢቱዋሕም ላይ ጭቅጭቅ አለው። ተራው ግን 96,000 ኪሎ ሜትር፣ ያድ ሪሾና፣ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማኅተም ያለበት፣ የካምቢዮው ዘይት በሰዓቱ የተቀየረ። ባለቤትየው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሳንጠይቃቸው፣ «የቀኝ በሩ አንድ ጊዜ ተመትቶ ተቀብቷል» አሉን። ማኾኑ ሲመረምረው እንዳሉት ሆነ፤ ሻንሲው ጤነኛ ነው። ማኾኑን ደግሞ የመረጥነው እኛ ነን፣ ሻጩ አይደሉም። ዋጋውን ከሌቪ ይጽሓቅ መሂሮን ጋር አስተያየን፣ ዕዳ የታሰረበት እንዳይሆን አጣራን፣ ባለቤትነቱ በዞረበት ሰዓት ተከፈለ። ከምርመራው በፊት አንድ ሰቅል ቀብድ አልሰጠንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉና።

ብድሩ ትንሽ ሆነ፤ ልጁ በራሱ ደመወዝ ወሰደው። እህቴ አልፈረመችም።

አሁን አባቴን ላንሣ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ጎንደር ሳለን ለበዓልና ለልቅሶ ከመንደር መንደር የሚሄዱት በበቅሎ ነው። በቅሎ ሲገዙ አብሬ ሄጃለሁ። ሻጩ ኮርቻውን አስጊጦ፣ ግላሱን አልብሶ ያቀርባታል። አባቴ መጀመሪያ «አውርደው» ይላሉ። ኮርቻው ሲወርድ ጀርባዋ ላይ ገጣባ ካለ ይታያል። ከዚያ ጥርሷን፣ ከዚያ ኮቴዋን፣ ከዚያ ቁልቁለት ያስነዷታል። «ሽቅብማ ሁሉም ይወጣል፣ ቁልቁል ስትወርድ ነው የምታውቃት» ይሉ ነበር። ልጄ ሆይ፣ ቸርኬ ይቀየራል፣ ወንበር ይቀየራል፣ ሞተሩና ሻንሲው ግን በቅሎዋ ራሷ ናት።

በ1990 ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ስንነሣ በቅሎዋን ሸጧት። ገዥው ጥርሷን አየ፣ ኮቴዋን አየ፣ ወደዳት። አባቴ ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት፣ «ወንዝ ስታይ ትገተራለች፣ ትደነብራለች፤ እወቀው» አሉት። ሰውየው ከዋጋው ቀነሰ። እናቴ ተቆጣች፤ ለመንገድ ስንቅ የሚሆን ገንዘብ ነበር። አባቴ ያሉት ይኼን ብቻ ነው፦ «ልጁን ያስቀምጥባት ይሆናል እኮ።»

ይኼን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አንድ ቀን እሱም መኪናዋን ይሸጣታል። ስለ ቀኝ በሩ እንዲናገር አደራ ብየዋለሁ።

ሻባት ሻሎም፣ ቸር እንሰንብት።