የማታው እራት ማታ አይሠራም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «አንቺ ግን በየማታው እንዴት ትችይዋለሽ? እኔ ከሥራ ገብቼ ድስት ማየት ራሱ ያስጠላኛል» አለችኝ። አድናቆት ነበር። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብዬ ተቀበልኳት። ማታ ሽሮ እያማሰልኩ ሳስበው ግን አፈርኩ። በዚያ ምሽት የሠራሁት ሥራ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ አቁላላሁ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሲፈላ ሽሮውን ነሰነስኩ። የቀረውን ሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን፣ ገሚሱንም በሌላ ወር ሠርቶልኛል። ምስጋናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ቤታችን ስድስት ነን፤ ስድስታችንም ባተሌዎች። ከሚሴ የመንገድ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በደሴው አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች። ባለቤቴ እንጀራውን የሚበላው ከዚሁ አስፋልት ነው፤ ኮምቦልቻና ሸዋ ሮቢት መሃል ሲመላለስ ይውላል፣ መቼ እንደሚገባ ራሱም አያውቅም። ትልቁ ልጄ ትምህርቱ የጠዋት ፈረቃ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች የከሰዓት። ስለዚህ ቤታችን ምሳ የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ በየተራው ገብቶ፣ ክዳን አንስቶ፣ ቆሞ ጎርሶ ይወጣል። አንድ ትሪ ከበን የምንቀመጠው ማታ ብቻ ነው። የግድግዳ ሰዓትም አያስፈልገኝም፤ መግሪብ አዛን ሲል ድስቱ ተጥዶ መገኘት አለበት፣ ዒሻ ሳይደርስ ትሪው ይነሳል። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ከባዶ ተነስቶ ለስድስት ሰው ትኩስ እራት የሚያደርስ ሰው ካለ እጁን ልሳም። እኔ ከባዶ አልነሳም።

የምነሳው ከጥር ነው። ጥር ላይ አዝመራው ገብቶ፣ ደገኛው አተሩንና ሽምብራውን ጭኖ ሲወርድ፣ አማቴ ከሁላችንም ቀድመው ይነቃሉ። ቤት ውስጥ «አዮ» ነው የምንላቸው። እህሉ ይለቀማል፤ ጠጠሩን መልቀም ብቻውን ሁለት ከሰዓት ይፈጃል። ቀጥሎ ይታመሳል፤ እዚህ ላይ አዮ ምጣዱ አጠገብ ማንንም አያስጠጉም። አንድ እፍኝ ካረረ ሽሮው ዓመቱን ሙሉ ይመርራል ባይ ናቸው። ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦ ከዝንጅብሉ ጋር ይወቀጣል፤ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ በየተራ ይገባል። ሁሉም ተደባልቆ ጆንያ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ ዶሮ የሚያባርር ልጅም ይመደብለታል። በመጨረሻ ወፍጮ ቤት። እዚያ ከእኛ ኋላ የተሰለፈው ባለ ጤፍ ሽሯችንን ሲያይ ፊቱን ማጥቆሩ ዓመት በዓመት አይቀርም፤ እውነቱን ነው፣ የእሱ ጤፍ የኛን ኮረሪማ ሸትቶ ቤቱ ሊገባ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ሙሉ ሳምንት ይወስዳል። የሚወጣው ደግሞ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ሁለት ትልልቅ ጣሳ ዱቄት ነው። ከተማ ውስጥ ፈጣን ምግብ የሚሉት ነገር ሲወራ ሳቄ ይመጣል። ዘገምተኛው ሥራ ጥር ላይ ተጠናቅቆ፣ ለማታ ፈጣኑ ብቻ የተረፈው ሽሮ ነው እንጂ፣ ምን አለና ከዚህ የፈጠነ?

የጣሳውን ዋጋ በደንብ ያወቅኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደርሶ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ሰው በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ወፍጮ ቤት ማን ይሄዳል? ገበያስ? አዮ ማለዳ ማለዳ ጣሳውን ከፍተው ያዩታል፣ ይዘጉታል። አንድም ቀን ስንት ቀረ አላሉንም። ሽሮው ቀጠነ፤ ከዚያም ይበልጥ ቀጠነ፤ ግን ማታ ማታ ትሪው ዙሪያ ተቀመጥን። ስለዚያ ወር ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ወደ እንጀራው ልምጣ፤ በቤታችን ጠብ ያለው እዚያ ነው።

የኛ ቆላ የማሽላ አገር ነው። ማሽላን የናቀ የወሎን ገበሬ አያውቀውም። «ወተት በጉንጬ» የሚባል ዝርያ አለን፤ ስሙን የሰጠው እሸቱን ጠብሶ የበላ ሰው መሆን አለበት። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዝርያዎችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ልቀው ያገኟቸው ሁለቱ ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ማሽላውን ማሳ ላይ የሚያንቀው አቀንጭራ የሚባል አረም አለ፤ እሱን የሚቋቋም ዝርያ ማውጣት የኛው ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉበት ሥራ ነው። ክብሩ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። እንጀራው ግን ባተሌ ቤት አያውቅም። የጤፍ እንጀራ ሦስት ቀን መሶብ ውስጥ ለስልሶ ይቆይልሃል፤ የማሽላው ትኩሱን ማር ነው፣ በማግስቱ ይደርቅና ስታጥፈው ይሰበራል። ስለዚህ ማሽላ የሚበላ ቤት ቶሎ ቶሎ መጋገር አለበት። ቶሎ ቶሎ ለመጋገር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማቡካት፣ እርሾ መጠበቅ፣ አብሲት መጣል። መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲሰካው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መብራት ከሌለ በእንጨት።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የማብሰያ ቤት ጭስ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ገምቷል። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል፤ እኛም አለን። ግማሽ እንጨት ግን ግማሽ ጭስ አለው። የአዮ ዓይን ዛሬም ያለቅሳል፣ ያለ ኀዘን።

እናም እኔ ረቡዕና ዓርብ እንጀራ እገዛለሁ። ይኸው፣ በአደባባይ ጻፍኩት። መንገዱ ማዶ ከምትጋግር ሴትዮ፣ በፌስታል አስሬ፣ ከሥራ ስመለስ ይዤ እገባለሁ። አዮ የመጀመሪያ ቀን ፌስታሉን አይተው ዝም አሉ። እሳቸው ሲናገሩ ሳይሆን ዝም ሲሉ ነው የሚያስፈራው። እራቱ ቀርቦ «ቢስሚላህ» ካልን በኋላ አንዴ ቆርሰው «የማን እጅ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እጇ መልካም ነው። የእሷ ልጆች ዛሬ የማንን ይበሉ ይሆን?» አሉ። ምን ልመልስ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እስካሁንም ይከነክነኛል። ግን መግዛቴን አልተውኩም።

ሽሮ ግን አልገዛም። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ «እንጀራ ከገዛሽ ሽሮ ምን አጠፋ?» ይሉኛል። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ እንጀራ ስገዛ የምገዛው የሁለት ቀን ሥራ ነው። ቢበላሽብኝ የሁለት ቀን ነው የሚበላሽብኝ። ሽሮ ግን የዓመት ነው፤ ውስጡ ምን እንደገባ ሳላውቅ ለዓመት ልጆቼን አላበላም። ደግሞም፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ያ የጥር ሳምንት አዮ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ስለ እናታቸው የሚያወሩበት ብቸኛው ሳምንት ነው። ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነው የሚያወሩት፤ ሲልጡ እጃቸውን እንጂ ፊቴን አያዩምና ይቀላቸዋል።

የሳምንቱ ጥር ደግሞ እሑድ ነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይቆማል፣ ሰኞ ባቲ። ሁለቱም ደጋና ቆላ የሚገናኙባቸው የድሮ ገበያዎች ናቸው፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ኦሮሞው ማሽላውን፣ ደገኛው ጥራጥሬውን ይዞ ይመጣል። ሰንበቴ ስሄድ ስለ እራት አስባለሁ እንጂ ስለ ባህል አላስብም፤ ጎብኚ ሲመጣ ፎቶ የሚያነሳው ቦታ ላይ እኔ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ተፋጥጫለሁ። ከገበያ ስመለስ የሳምንቱን ቁሌት አንድ ላይ አቁላላለሁ፤ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃው መጥጦ እስኪያልቅ፣ ከዚያ በዘይት፣ ከዚያ በበርበሬ። ዘይት ካልሰሰቱበት እስከ ረቡዕ አያሳፍርም። የከሚሴ ሙቀት ግን ከረቡዕ ወዲያ ምሕረት የለውም።

ሰንበቴ ያስተማረችኝ ሌላው ማሾ ነው። ከዳዋ ጨፋ እስከ ጅሌ ጥሙጋ ገበሬው ማሾ ይዘራል፤ ዘርቶ ግን ይሸጠዋል፤ ወደ ውጭ የሚሄድ እህል ስለሆነ ለገበታ ብዙም አይታሰብም። እኔም ልጅ ሆኜ «የነጋዴ እህል» ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን አንድ ጣሳ ገዝቼ ሞከርኩት። እንደ ባቄላ ከማታ መዘፍዘፍ አይፈልግም፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈላ ይበስላል፣ በቁሌት ሲነካ ምስር ልትለው ትችላለህ። የተባበሩት መንግሥታት 2016 እ.ኤ.አ.ን የጥራጥሬ ዓመት ብሎ ሲያከብር ማሾ ተዘርቶ በሚሸጥበት አገር እኛ ፓስታ እየቀቀልን ነበር። አሁን ሰኞ ሰኞ ማሾ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ «ምንድን ነው ይሄ አረንጓዴ?» ብሎ ነበር፤ አሁን ሰኞ ቀድሞ ለመግባት ሲጣደፍ አየዋለሁ። ወይም እንደዚያ ማሰብ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞና ሐሙስ ድስቱ የኔ አይደለም። የትልቁ ልጄ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሴቶቹ ገና ትንንሽ ናቸው፤ ደግሞ ሴቶች ስለሆኑ ብቻ ቀድመው ድስት ላይ አልጥዳቸውም ብዬ ምያለሁ። እሱ መጀመሪያ የሠራው ሽሮ እንደ ጠጠር ጓጉሎ ነበር፤ ውሃው ሳይፈላ አንድ ጭልፋ ሙሉ ጨምሮበት። ከዚያ በእጅ እየነሰነሱ በሌላው እጅ ማማሰሉን አሳየሁት። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ጨው ልትበደር ስትገባ ማማሰያውን ጥሎ ምድጃ የሚጠግን መሰለ። ሽሮው ገነፈለ። ሴትዮዋ ወጥታ እስክትሄድ ያንን የማይጠገን ምድጃ ሲጠግን ቆየ፤ እኔ ደግሞ ሳቄን ይዤ።

አዮ ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ያያሉ። ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል አይወዱም፤ አላሉኝም፣ ግን አውቃለሁ። አንድ ሐሙስ ማታ ቆርሰው፣ አላምጠው፣ «ጨው አንሶታል» አሉት። ልጁ ክፉኛ ተከፋ። እኔ ግን ዓሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ስኖር የእኔን ሽሮ የሚገመግሙት በዚያው ቃል እንደሆነ ማታ ለብቻው ነገርኩት። ሽሮ መሥራት ለማይመለከተው ሰው አዮ ጨው አንሶታል አይሉም።

ረመዳን ሲገባ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይፈርሳል፤ ከተማው በሙሉ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤት ይሆናል፣ ሳምቡሳው መንገድ ዳር ይጠበሳል፣ ሾርባው ይፈላል፣ ወንዱም ቴምር ይዞ ቤቱ ለመድረስ ይሮጣል። በዚያ ወር «እንዴት ትችይዋለሽ» የሚለኝ የለም። ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲራብ እራት የአንዲት ሴት ጉዳይ መሆኑ የሚቀር ይመስለኛል። ከዒድ በኋላ ደግሞ ወደ ነበርንበት።

ለባልደረባዬ ያልመለስኩላትን እዚህ ልመልስላት። በየማታው አልችለውም። ጥር ላይ አዮ ይችሉታል፣ እሑድ እኔ እችለዋለሁ፣ ረቡዕ መንገድ ማዶ ያለችው ሴትዮ ትችለዋለች፣ ሐሙስ ልጄ ይችለዋል። ማታ ማታ የማደርገው ክዳን መክፈት ነው። ባልደረባዬ ግን ሥራው ላይ ብቻዋን ናት፤ ጥር የሚሠራላት ሰው የላትም፤ ባሏም ከቴሌቪዥኑ ፊት አይነሳም። ድስት ቢያስጠላት ይፈረድባታል? ሴቶች ስንሰባሰብ «እኔ በየማታው ትኩስ ነው የማበላው» የምንለው ፉክክር እንዲህ ያለችውን ሴት ነው የሚያደቀው፤ እኔም ያን ቀን አንገቴን ስሰብር አብሬ ነው ያደቀቅኳት።

ትናንት ማታ አዮ ጣሳውን ከፍተው ውስጡን በጭልፋ ሲነኩት የብረቱን ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛው ጣሳ ነው። ጥር ገና ነው። «እሑድ ሰንበቴ ስትሄጂ፣ የከረመ አተር ያለው ደገኛ ካየሽ ዋጋውን ጠይቂ። አትግዢ፤ ጠይቂ ብቻ» አሉኝ።